ፈረሱ ሲቆም

መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ፈረስ ተከራይቶ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣ አዲስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ይጥለኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አጭር ነው። ባለቤቱ ይዞት በእርምጃ የሚሄድ ፈረስ ያለ ምክንያት ሰው አይጥልም፤ ምክንያቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ላዩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ማንም የማይጠይቀው፣ ግን ቀኑን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ሌላ ጥያቄ አለ፦ ፈረሱ ሲቆምስ ምን ይደረጋል? የዱር እንስሳ የሚታየው ፈረሱ ሲቆም ነውና። ጀማሪ መሄዱን በአንድ ሰዓት ይለምደዋል፤ መቆሙ ግን ያቁነጠንጠዋል። ስልኩን ያወጣል፣ ጃኬቱን ያወልቃል፣ ወደ ጓደኛው ዞሮ ያወራል፤ ቀና ሲል ሜዳው ባዶ ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። እዚህም ያው ነው፤ ያደርሳል እንጂ አያይልህም። ይህን የምለው ግን ግማሽ በግማሽ ነው። ፈረስ ከሰው ቀድሞ የሚያይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ወደ ጆሮዎቹ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ጓሳ ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ዋናውን የደሴ መንገድ በመልቀቅ ወደ መሐል ሜዳ አቅጣጫ ይኬዳል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። የፈረሱ ጥቅም ከዚህ ከፍታ ይጀምራል። በእግሩ ዳገት የሚወጣ የከተማ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ሁለት መቶ እርምጃ ሄዶ ልቡ ጆሮው ውስጥ ትመታለች፣ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ያያል። የሚያለከልክ ሰው ዓይን የለውም። ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ትንፋሹ ይረጋል፤ የዓይኑም ከፍታ ወደ ሁለት ሜትር ስለሚደርስ ጓሳ በሚባለው ሣርና በቁጥቋጦው ላይ አሻግሮ ማየት ይችላል። ከአዲስ አበባ ቀጥታ ከመምጣት ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያደረ ሰውነት በማግስቱ ራስ ምታቱ ይቀልለታል። ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ካዞረው ግን የዚያን ቀን ፈረስ ላይ ባይወጣ ይመረጣል። የሚያዞረው ሰው ኮርቻ ላይ ሚዛን የለውም።

ስለ ፈረሱ ራሱ። የእኛ ደጋ ፈረስ ትንሽ ነው፤ ትከሻው ብዙ ጊዜ ከ130 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይዘልም። በፈረስ ሰዎች ዘንድ የታወቀው መለኪያ ጭነቱ ኮርቻውን ጨምሮ ከእንስሳው ክብደት ከአምስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ነው። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ 50 ኪሎ ማለት ነው። ይህን አጥብቀን ብንይዝ አብዛኞቻችን በእግራችን በሄድን ነበር። ስለዚህ መሐሉን መፈለግ ግድ ይላል፦ ከበድ ያለ ሰው በቅሎ ይጠይቅ (በቅሎ ጀርባዋም እግሯም ጠንካራ ነው፣ ገደል አፋፍ ላይም ከፈረስ ይልቅ ጥንቁቅ ናት)፤ ሁሉም ሰው ቀጥ ባለ ዳገትና ቁልቁለት ይውረድ፤ የመጀመሪያው ቀን ጉዞም ከሦስት ሰዓት አይብለጥ። ክብደትን መናገር የሚያሳፍር አይደለም። ባለፈረሱ «ኧረ ይችለዎታል!» ቢል እንኳ ጨዋነት ነው እንጂ ሚዛን አይደለም።

ኮርቻው ከመጫኑ በፊት መዳፍን ዘርግቶ ከትከሻው ጀምሮ በጀርባው ግራና ቀኝ እስከ ወገቡ ቀስ እያሉ መዳበስ ያስፈልጋል። ፈረሱ ቆዳውን ካንቀጠቀጠ፣ ጀርባውን ዝቅ ካደረገ ወይም ዞሮ ጥርሱን ካሳየ እዚያ ቦታ ላይ የሚያመው ነገር አለ። የተላጠ ወይም ያበጠ ነገር ከታየ ነገሩ ገጣባ ነው፤ ሌላ ፈረስ መጠየቅ ነው። ገጣባ ፈረስ መከራየት ለፈረሱ ግፍ ነው፣ ለሰውም አደጋ ነው። ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ ፊት ሲንሸራተትና ቁስሉን ሲነካው የዋሁም ፈረስ ይፈናጠራል። በአገራችን ኮርቻ ስር የሚነጠፈው ነገር ወሳኝ የሚሆነው ለዚህ ነው። መንዝ የበግ ፀጉር አገር ናትና ጥሩ ባና አይጠፋም፤ አራት እጥፍ ሆኖ፣ ሳይሸበሸብ፣ የፈረሱ ፀጉር ወደተኛበት አቅጣጫ ተስቦ መነጠፍ አለበት። አንዲት ሽብሽብ በሦስት ሰዓት ውስጥ ቁስል ታወጣለች።

የሆድ ማሰሪያው ሲጠብቅ ፈረስ አየር ስቦ ሆዱን ይነፋል። ብልጠት ነው፤ ብዙዎቹ ያደርጉታል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠበቀ የተባለው ማሰሪያ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ላላ ብሎ ይገኛል፣ ኮርቻውም ከነሰውየው ወደ ጎን ይዞራል። ጀማሪ ወደቀ ከሚባልባቸው ምክንያቶች ይህ ዋነኛው ሳይሆን አይቀርም፤ መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነው። ከአሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ጉዞ በኋላ ወርዶ እንደገና ማጥበቅ። በማሰሪያውና በሆዱ መካከል ሁለት ጣት ተጠጋግቶ ከገባ ልክ ነው፤ እጅ ከገባ ላልቷል።

እርካብ ላይ ረጋ ብዬ ልቆይ፤ ሰው የሚገድል ዕቃ ቢኖር እሱ ነውና። የቆዩት እርካቦች ጠባብ ናቸው፤ ወፍራም ቡትስ ጫማ ያለው የከተማ እግር ግን በግድ ይገባል፣ ሲወድቅ አይወጣም፣ ፈረሱም ይጎትተዋል። ከጫማው ግራና ቀኝ አንዳንድ ጣት ክፍተት መኖር አለበት። ጫማው ትንሽ ተረከዝ ቢኖረው ይመረጣል፤ ስሊፐርና ሰንደል ፈጽሞ አይሆንም። እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት ማስገባት ስህተት ነው። የእግሩ ጣቶችና ከጣቶቹ ስር ያለው ሰፊው የውስጥ እግር ብቻ ይረግጣሉ፤ ተረከዙ ወደ ታች ዝቅ ይላል። ተረከዝ ከወረደ እግር ሾልኮ አይገባም። የእርካቡን ቁመት ሳይወጡ ለመለካት የጣቶችን ጫፍ የእርካቡ ጠፍር ከኮርቻው ጋር የተያያዘበት ላይ ማድረግና እርካቡን በክንድ ስር ወደ ራስ መሳብ ነው፤ ብብት ላይ ከደረሰ ለመነሻ ይበቃል። በጣም ያጠረ እርካብ ጉልበት ይሰብራል። የረዘመ ደግሞ ሰውየውን እንደ ጆንያ ያንጠለጥለዋል።

አወጣጡ ባለፈረሱ ባስለመደው ወገን ነው፤ ይጠየቅ። ቢቻል ፈረሱ ዝቅ ካለው በኩል ቆሞ ሰውየው ከፍ ካለው ድንጋይ ላይ ይውጣ። እግሩን እርካብ ላይ አድርጎ ዛቡን (የልጓሙን መሳቢያ ጠፍር) ከጋማው ጋር ጨብጦ ይነሳና ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ዱብ ማለት የለም፤ ዱብ የሚል ሰው የፈረሱን ወገብ ይመታል፣ ፈረሱም መጀመሪያ ላይ ያስታወሰውን ቀኑን ሙሉ አይረሳም። ልጓሙን በተመለከተ፣ የአገራችን ልጓም ጠንካራ ብረት ነው፤ አንድ ድንገተኛ ጎተታ አፍ ያደማል። ዛቡ ላላ ብሎ በእጅ ይያዝ። ሚዛን የጠፋበት ሰው የሚይዘው ጋማውን ወይም የኮርቻውን የፊት ቅስት ነው፤ ዛቡን እንደ ገመድ መንጠልጠያ የሚይዝ ሰው ፈረሱን ወደ ኋላ እንዲሄድ እያዘዘው መሆኑን አያውቅም። ፈረሱ አፋፍ ላይ ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም።

ዳገት ላይ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል፣ ቁልቁለት ላይ ትንሽ ወደ ኋላ። ከእርምጃ በላይ የሆነው ሁሉ፣ ሶምሶማም ሆነ ግልቢያ፣ ለሌላ ቀን ነው። «ቼ!» የምትለዋን ቃል በቀልድ እንኳ መወርወር አያስፈልግም፤ ፈረሱ ቀልድ አያውቅም። በፈረሶች መካከል የአንድ ፈረስ ቁመት ያህል ርቀት ይጠበቅ፤ ድንጉላና ባዝራ ከኋላና ከፊት እንዳይሰለፉ ባለፈረሶቹ ያስቡበት። ይህን ሁሉ ጉዳይ መሪው አንዴ ተናግሮት ያልፋል። የማያልፈው የፌስታሉ ጉዳይ ነው። ኪስ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ፌስታል፣ ኮርቻ ላይ ሆኖ የሚለበስ ወይም የሚወልቅ የዝናብ ልብስ፣ ነፋስ የሚያርገበግበው ጋቢ፣ እነዚህ ሦስቱ የዋሁን ፈረስ ያስበረግጋሉ። እጁ እጅጌ ውስጥ የተያዘ ሰው ደግሞ ጋማውን መያዝ አይችልም። ለመልበስ ይወረዳል። ቆሎው ከፌስታል ይልቅ በጨርቅ ከረጢት ይሁን። ጋቢው ይታጠፍና ከወገብ ይታሰር፤ በርኖስ ያለው ሰው ግን ከባድ ስለሆነ አይርገበገብምና ዕድለኛ ነው።

አሁን ወደ ጆሮዎቹ። ፈረስ ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ሊያይ ምንም አይቀረው፤ የማያየው ግንባሩ ፊት ለፊት አፍንጫው ስር ያለችውን ጠባብ ቦታና ልክ ከጭራው ጀርባ ያለውን ነው። ጆሮዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይዞራሉ። አንዱ ጆሮ ወደ ኋላ፣ ወደ ባለቤቱ ድምፅ ዞሮ ሌላው ወደ ፊት ከሆነ ፈረሱ ተረጋግቷል። ሁለቱም ጆሮዎች እንደ ቀስት ወደ አንድ አቅጣጫ ቀጥ ብለው አንገቱ ከፍ ካለና መንጋጋው ማኘክ ካቆመ፣ የሆነ ነገር አይቷል። ያኔ ሰውየው የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ባለው ክፍተት አሻግሮ ማየት። ብዙ ጊዜ ውሻ፣ በግ ወይም ሌላ ፈረስ ነው። አንዳንዴ ግን ከጓሳው ግርጌ ቀጭን እግር ያላት ቀይ ነገር ትነሳለች። ሁለቱም ጆሮዎች ወደ ኋላ ተለጥፈው ከተኙ ግን ያ የቁጣ ምልክት ነው፤ ከኋላ የመጣው ፈረስ ተጠግቷል ማለት ነው።

ጭላዳው ሰዓት ያከብራል። ሌሊቱን በገደሉ ግድግዳ ላይ አድሮ ፀሐይ ሲሞቀው ወደ አፋፉ ይወጣል፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከአፋፉ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መጠበቅ፣ እስከ 3 ሰዓትም አለመቸኮል ነው። ስህተቱ ብዙ ጊዜ አፋፉ ጫፍ ላይ ሄዶ መቆም ነው። መንጋው ከገደሉ ሲወጣ ፊት ለፊት ፈረስ ካገኘ ወደ ገደሉ ይመለሳል። የሚወጡበትን በር ክፍት አድርጎ ጎን ላይ፣ ነፋሱም የሰውንና የፈረሱን ሽታ ወደ መንጋው በማይወስድበት በኩል መቆም ይሻላል። ወጥተው ከተቀመጡና ሣር መንጨት ከጀመሩ በኋላ ወደ እነሱ በቀጥታ አይኬድም፤ ፈረሱ እንደሚግጥ ከብት እያዘነበለ፣ እየቆመ፣ እየተጠማዘዘ ይቅረብ። ፈረስ ላይ ሆኖ 30 ሜትር ይበቃል። ከዚያ ርቀት ላይ የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ፤ መቶ፣ ሁለት መቶ ጭላዳ በአንድ ላይ ሣር ሲነጭ የሚወጣው ፍርጥ ፍርጥ የሚል ድምፅ። ለመስማት ፈረሱ መቆም፣ ሰዉም ዝም ማለት አለበት። ጭላዳ ቁጭ እንዳለ እየተንፏቀቀ በሁለት እጁ እየነጨ ጭብጡ ሲሞላ ወደ አፉ ያደርሳል፤ ምግቡ ከሞላ ጎደል ሣር ብቻ የሆነ፣ በዓለም ላይ ከእኛ አገር ውጭ በዱር የማይገኝ ዝንጀሮ ነው።

ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ ወይም ቅንድቡን ወደ ኋላ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይኑን ቆብ ካሳየ፣ ፈገግታ አይደለም። ተጠግታችኋል ነው የሚለው። አሥር እርምጃ ወደ ኋላ። ፈረሱ ወደ ኋላ መሄድ ካልፈለገ በጎን አዙሮ መራቅ ነው። መመገብማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ዳቦ የቀመሰ ጭላዳ ነገ የገበሬውን ገብስ ይፈልጋል፣ ገበሬውም ድንጋይ ይፈልጋል።

ቀይ ቀበሮ የተለየች ናት። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። በቡድን ትኖራለች፤ የምታድነው ግን ብቻዋን፣ በቀን፣ አይጥ ነው። አይጡ ከጉድጓዱ የሚወጣው መሬቱ ሲሞቅ ስለሆነ ውርጭ በነጣበት ጠዋት ቀበሮ መፈለግ ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው። ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከእሷ ጋር የሚያሳስተው ተራው ቀበሮ ነው፤ እሱም ጓሳ ውስጥ አለ። ከሩቅ ሲታይ ይመሳሰላሉ፣ ጀማሪም ያየውን ሁሉ «ቀይ ቀበሮ!» ይላል። እግሯ ረጅምና ቀጭን፣ ፀጉሯ ቀይ፣ ጉሮሮዋና ደረቷ ላይ ነጭ ምልክት ያላት፣ የጭራዋ ጫፍ ጥቁር ጎፈር ከሆነ እሷ ናት። አመድማ፣ ሸካራ ጀርባ ያለውና እግሩ አጠር ያለው ግን ሌላው ነው።

አሁን የሚነገረው ነገር ለእኔ የዚህ ጉዞ እምብርት ነው። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮዎች በጭላዳ መንጋ መካከል እየገቡ አይጥ ያድናሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው በመንጋው መካከል የሆነች ቀበሮ ከሞከረችው 67 በመቶ ሲሳካላት ብቻዋን ስትሆን የሚሳካላት 25 በመቶ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ አይሸሿትም፤ ምክንያቱም ግልገሎቻቸውን አትነካም፣ አካሄዷም ልዩ ነው፦ አትሮጥም፣ ዓይን ለዓይን አትጋጠምም፣ መሐላቸው ስትገባ እርምጃዋን ታሳንሳለች። ጀማሪ ጋላቢ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የት ያገኛል? ስለዚህም ጠዋት ጭላዳ አይቶ «አሁን ደግሞ ቀበሮ እንፈልግ» ብሎ መንጋውን ጥሎ የሚነሳ ቡድን ብዙ ጊዜ ያጣል። መንጋው ባለበት መቆየት፣ ዳር ዳሩን በዓይን መቃኘት ይሻላል። እሷ ራሷ ትመጣለች። ስትታይ 50 ሜትር ርቀት አይታለፍ፤ ወደ መንገዷ ፊት አይቆረጥባት። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የምትወልድበት ወራት ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ያለ ጉድጓድ አጠገብ ስትመላለስ ከታየች መሪው ወዲያው ሰዉን ይዞ መመለስ አለበት። የባለፈረሱ ውሻም ቤት ይቅር፤ ከውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ለእነዚህ ቀበሮዎች ትልቅ አደጋ ነው።

አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ያለው ሰው ስምንት እጥፍ የሚያጎላውን ይያዝ። አሥር እጥፉ ፈረሱ ሲተነፍስ ሁሉ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መውረድ ነው፤ በፈረሱ ትከሻ ጀርባ፣ ከእንስሳው ተቃራኒ ጎን ቆሞ ማየት። ወርዶ ከፈረሱ ተለይቶ ወደ ፊት መራመድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሲሸሽ ይታያል። ሲወረድ ዛቡ ለባለፈረሱ ይሰጥ፣ ፈረሱም አንገቱን ሊያጎነብስ ስለሚችል ማንም ዛቡን እጁ ላይ አይጠምጥም። ፈረሱ በጉዞ ላይ ሆኖ ድንገት ሣር ሊነጭ ሲያጎነብስ ዛቡን በጥብቅ የያዘ ጀማሪ በአንገቱ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። ሲቆም ይግጥ፤ ሲሄድ አይግጥ። ይህን ባለፈረሱ እንጂ እንግዳው ሊያስተካክለው አይችልም።

መሬቱ አታላይ ነው። በአይጥና በፍልፈል ጉድጓድ የተበሳሳ ስለሆነ ሣር የሸፈነው ሜዳ ላይ የፈረሱ እግር ድንገት ይሰጥማል። ሜዳ ሲታይ ለግልቢያ የሚያስጎመጀው ቦታ ከሁሉ የከፋው ነው። ፈረሱ አንገቱን ዘርግቶ መሬቱን እያሸተተ ከሄደ ዛቡን ለቀቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ እግሩን የሚያስቀምጥበትን እሱ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ከቆላው በገደሉ በኩል ጉም ሊወጣ ይችላል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የፊት ፈረስ ላይታይ ይችላል። ያኔ ከአፋፉ መራቅና ወደ መጡበት መመለስ እንጂ እስኪገልጥ እዚያው መንከራተት የለም። ክረምቱ ለጀማሪ አይሆንም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ደረቁ ወቅት ነው፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው።

ስለ መሪው አንድ ነገር። ጓሳ ሳይታረስና ሳይራቆት የቆየው የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ስላስጠበቀው ነው። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲደርስ በደንቡ መሠረት ይከፈት ነበር፤ ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለጌሳ (ከሣር ለሚሠራ የዝናብ ልብስ) ይታጨድ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢናጋም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ይዞታል። መሪውም ባለፈረሱም የዚሁ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ የመሪና የፈረስ ክፍያ ከመነሳት በፊት፣ በቀን ነው ወይስ በሰዓት፣ ለባለፈረሱስ ስንት ይደርሰዋል ተብሎ በግልጽ ይነጋገሩ። ሲመለሱ በጨለማ መከራከር ለማንም አይመችም።

ከተወረደ በኋላ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ደቂቃ ኮርቻውን ተደግፎ መቆም ይበቃል። ማሰሪያው ወዲያው በአንዴ አይፈታም፤ መጀመሪያ ላላ ይደረግና ፈረሱ አሥር ደቂቃ በእግሩ ይንቀሳቀስ፤ ከዚያ ኮርቻውም ባናውም ይውረድ። ጀርባው ላይ ያለው ላብ ይታይ። ዙሪያውን እኩል ረጥቦ ከሆነ ኮርቻው በልኩ ተቀምጧል። በላቡ መካከል የመዳፍ ያህል ደረቅ ቦታ ከታየ ግን ኮርቻው እዚያ ላይ ሲጫን ውሏል፤ ዛሬ ደረቅ የሆነው ነገ ያብጣል፣ ከነገ ወዲያ ገጣባ ይሆናል። ባለፈረሱን ጠርቶ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይጫነዋል» ብሎ በጣት ማሳየት ነው፤ ነገ ጠዋት ሌላ እንግዳ ሊወጣበት ነውና።